ሦስተኛ ፎቅ፣ የእኛ በር

ባለፈው ሳምንት ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን ሳልፍ ከግድግዳው ማስወጫ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። የማድረቂያ ማሽን ሽታ ነው፤ ሳሙና፣ የሞቀ ጥጥ፣ ትንሽ የተቃጠለ አቧራ። ቸኩዬ ነበር። እኔ መቼም ያልቸኮልኩበት ቀን የለም። ባቡሬ ሊመጣ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ እግሬ ግን ንቅንቅ አልል አለ። እንደ ሞኝ ግድግዳ ሳሸት ባቡሩ ሄደ።

ያ ሽታ ሚስ ቨርና ናት። ሚስ ቨርና ማለት ደግሞ ለእኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው፣ ዝናቡ አላባራ ያለበት፣ እናቴን ለጥቂት ያላጣሁበት ጊዜ። ይህን ለሰው ሳወራ «ልጅ ነበርሽ እኮ» ይሉኛል። ልጅ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። ግን ውሸቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ዲቪ ደርሶን ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነበር። መጀመሪያ ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ የአባዬ አክስት ልጅ ጋ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተዳብለን ቆየን፤ መስከረም ላይ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር የራሳችንን አፓርታማ አገኘን። ሦስት ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይቆማል። ኮሪደሩ ረጅም፣ ምንጣፉ ከሰው ጫማ ጋር በሚገባው ዝናብ ሁልጊዜ እርጥብ። አባዬ ትራክ ይነዳል፤ ሦስት ሳምንት መንገድ፣ አራት ቀን ቤት። እማዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ሶ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ እሷ ከሥራ እስክትገባ ያለው ሰዓት የእኔና የኮሪደሩ ነበር። በር ቆልፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች። መቀመጥ ከየት ይምጣ? ከዳር እስከ ዳር እሮጣለሁ፣ ግድግዳውን በመዳፌ እመታና እመለሳለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ።

በር በር ስለሚዞሩት ሴቶች ያስጠነቀቀችን እትዬ ወይንሸት ናት። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር የቸርቻችን ሰው ናት፤ እሑድ እሑድ በመኪናዋ ይዛን ትሄዳለች። አንድ እሑድ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሳንወርድ ወደ እማዬ ዞረች።

«ማርታ፣ እነዚያን ወይን ጠጅ ሰደርያ የለበሱ ሴቶች አይተሻቸዋል? በር በር እየዞሩ ይጠይቃሉ። ማን ማን አለ፣ ስንት ልጅ አለ፣ ማን ይጠብቃቸዋል ይላሉ። ተጠንቀቂ እህቴ። እዚህ አገር እናት አቃታት ከተባለ ልጅ ይወስዳሉ።»

«ማን ነው የሚወስደው?» አለች እማዬ።

«የመንግሥት ቢሮ ነዋ።»

እትዬ ወይንሸት ክፉ ሰው አይደለችም። የሰማችውን ነው የነገረችን፣ እሷም ፈርታ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወይን ጠጅ ቀለም ባየሁ ቁጥር መሸሽ ጀመርኩ። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አንደኛ ፎቅ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ላውንደሪ ሩም፣ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። የተወሰዱት ልጆች እዚያ ውስጥ እንዳሉ፣ ማሽኖቹን የሚያስጮኹትም ለቅሷቸው እንዳይሰማ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። በዚያ በር ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ሚስ ቨርና የያዘችኝ ስሮጥ ነው። ከደረጃው ብቅ ስትል ሆዷ ላይ ሄጄ ተላተምኩ።

«ቤቢ፣ ማን ነው የሚያሳድድሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

«የትም።»

ሳቀች። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሽበቷን ጎንበስ ብላ ለማሳየት እንኳ የማታፍር ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስለወጣች ስትናገር ኋላ ወንበር ላይ ያለ ተሳፋሪ እንዲሰማት አድርጋ ነው። እማዬ ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል ትለኛለች፤ በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ ስለዚህ «ሚስ» የምትለዋን ቃል እንደ አንቱ አድርጌ ያዝኳት። አንድም ቀን ያለ እሷ ጠርቻት አላውቅም። ያን ቀን ግን የማየው ፊቷን ሳይሆን ሰደርያዋን ነበር። ወይን ጠጅ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ይህን ኮሪደር በቀን ስንቴ ትሮጪዋለሽ?»

«ሀያ። አላውቅም።»

«እንግዲያው አንዷን ለእኔ ሩጪልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ሁለት ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተኝተዋል። ሰው በበራቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያንኳኳ የለም። ተረፉ፣ ግን ሚስ ቨርናንና ጓደኞቿን እፍረቱ አልለቀቃቸውም። አምስት ስድስት የሰፈሩ ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ ተነጋገሩና እንዲለዩ ወይን ጠጅ ሰደርያ ለብሰው በየቤቱ ማን ማን እንዳለ ጠየቁ፤ ቢጫ አንሶላም ቀዳደው ለየቤቱ አንድ አንድ ጨርቅ አደሉ። ጠዋት ስትነሺ ጨርቁን የበርሽ እጀታ ላይ ታስሪያለሽ። ደህና አድሬያለሁ ማለት ነው። ማታ ታስገቢዋለሽ። ለየፎቁ አንድ ተመልካች አለ። ጨርቅ የሌለው በር ካየ ሦስቴ ያንኳኳል፤ መልስ ካላገኘ ወይም መልሱ ካላማረው ሚስ ቨርና ጋ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፎርም የለው፣ ፊርማ የለው። የሦስተኛ ፎቅ ተመልካች በቅርቡ ቤት ቀይራ ሄዳ ነበርና ቦታው ለእኔ ተሰጠ።

እሺ ያልኩት ፈርቼ ነው። እምቢ ካልኩ እዚያው አንጠልጥላ ላውንደሪ ሩም የምታስገባኝ መስሎኝ።

ለእማዬ ስነግራት ጨርቁን አገላብጣ አየችው። «እንሰቅላለን እንግዲህ። ካልሰቀልን ሊያንኳኩ ነው። ብቻ ሊዱዬ፣ የቤታችንን ነገር ትንፍሽ እንዳትዪ።»

የቤታችን ነገር ማለት የእማዬ ሆድ ነው። ስድስተኛ ወሯ ገብቶ ነበር፣ ከአባዬና ከእኔ በቀር ግን የሚያውቅ የለም። እትዬ ወይንሸት እንኳ አታውቅም። እማዬ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ውጭ ማውጣት አትወድም፤ ሆድ ደግሞ ገና ሳይወለድ አይወራም። ሰፊውን የአባዬን ጃኬት ለብሳ ትወጣለች፣ ለብሳ ትገባለች። ሰው እንዴት ነሽ ሲላት «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ራሷን ሲያማትም ደህና ናት፣ ሲያስመልሳትም ደህና ናት። ለምን እንደማትናገር ስጠይቃት «በሽታን አፌ ላይ አላመጣም፣ በእምነት ደህና ነኝ» አለችኝ። ይህ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ሆነ። አመመኝ ያለ ሰው የሚታመመው ስለተናገረ ነው ብዬ አመንኩ። ትምህርት ቤት ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ እንኳ ለአስተማሪዋ ደህና ነኝ እያልኩ ደሙን በካልሲዬ እጠርግ ነበር።

ሥራዬን ግን ወደድኩት። ምን ያደርጋል፣ ለሩጫ የሚከፍል አለቃ ያገኘሁ ያህል ነበር፤ ክፍያው ምስጋና ብቻ ቢሆንም። ጠዋት ከስኩል ባስ በፊት አሥሩንም በር አያለሁ። ከደረጃው አጠገብ ያሉት ቬትናማዊ አዛውንት ጨርቁን እንደ ከረባት አሳምረው ያስሩታል። መሀል ላይ ያለችው የሱማሌ እናት ልጆቿ እየፈቱት ስለሚጫወቱበት ሦስቴ አንኳኳሁባት፤ ሦስቴም ከሳምቡሳ ጋር ከፈተችልኝ። አንድ ጠዋት ጨርቅ ያላየሁበት በር ሳንኳኳ አንድ ሰውዬ በፒጃማ ወጥቶ «አለሁ፣ አለሁ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ሲለኝ የሆነ ሰው ያዳንኩ ያህል ተኩራርቼ ቁርሴን ሳልበላ ሄድኩ።

ላውንደሪ ሩም የገባሁት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው፣ ሚስ ቨርና ሪፖርት አድርጊ ብላኝ። ትንፋሼን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ከማሽኖቹ ኋላ ልጆቹን መፈለግ ነው። አንድ ካልሲና የፀጉር ማበጠሪያ አገኘሁ።

«ምን ጠፋሽ?» አለችኝ ኪሻ። ኪሻ ከሁሉም ወጣቷ ናት፤ እዚያው ሕንፃ ትኖራለች፣ የነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች፣ የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳ ይዛ መጥታ ልብስ ሊያጥብ የመጣውን ሁሉ ክንድ ትይዛለች።

«ምንም» አልኩ።

ሲሰበሰቡ ያያቸው ሰው ስብሰባ ነው አይልም። ሁሉም እያጠፉ ነው የሚያወሩት። እዚያ የሚሰበሰቡት ልብስ የሌለው ሰው ስለሌለ ነው፤ ሁሉም አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የስብሰባው ርዝመት የአንድ ማድረቂያ ዕድሜ ነው፤ ማሽኑ ሲደውል ያለቀውም ያላለቀውም ነገር ያልቃል። ሚስ ቨርና ማሽኑ ውስጥ ልብሷን ጨምራ «ሃምሳ ደቂቃ አለን» ትልና ይጀምራሉ። አሮጊቶቹን ክሊኒክ ማን ያድርሳቸው፣ አራሷ ጋ ማን ምግብ ይውሰድ፣ ማሞቂያው ስለተበላሸበት ቤት ከአከራዩ ጋር ማን ይነጋገር። አንዷ ተናግራ ሳትጨርስ ሌላዋ «እኔ» ትላለች። እንደ እናቶቻችን ዕድር ነው፣ ግን ሰው እስኪሞት አይጠብቁም። ያኔ ይህን ማሰቤን እንጃ፤ ያኔ የማስታውሰው የአንሶላ ጫፍ አስይዘውኝ ከኪሻ ጋር ወደ ፊት ወደ ኋላ ስንሄድ ደስ እንዳለኝ ነው። ቢሮ አለመሆናቸው ገብቶኝ ነበር ማለት ነው? ግማሹ ገብቶኝ ነበር። ግማሹ ግን አሁንም ይፈራ ነበር።

ጥቅምት ላይ የእማዬ ጫማ እምቢ አላት። የአባዬን ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመረች። ቀለበቷን በሳሙና አሟልጨን አወጣነው፣ ጣቷ ላይ ቦይ ትቶ። ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ያበጠ ነው፤ ዓይኗ ይጠባል፣ የማላውቃት ሴት ትመስላለች። ድካም ነው፣ ብዙ ቆሜ ነው ትላለች። ለሥራ ቦታ አሞኛል ብላ መደወል አትፈልግም፤ ያው አፏ ላይ ልታመጣው ነው። መጋረጃ ዝጊ ትለኛለች፣ ብርሃኑ ይወጋኛል ትላለች። እኔ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና መስኮት እመላለሳለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ወስዷት ስትተነፍስ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እሮጣለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን «ሊዱ፣ ዓይኔ ላይ ኮከብ ይረጫል» አለችኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ብልጭ ብልጭ የሚል። ጥቃቅን ብርሃን።»

እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ። ቸርች ውስጥ ራእይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ይቆሙና ብርሃን አየሁ ይላሉ፣ ሰው ሁሉ እልል ይላል። እናቴ ደርሷታል ማለት ነው። ዝም በይ ያለችኝ ሆዷን እንጂ ራእይን አይደለም። በማግስቱ ቅዳሜ ላውንደሪ ሩም ወርጄ ለሚስ ቨርና ነገርኳት፣ ተኩራርቼ፣ ፎጣ እያጠፍኩ። እናቴ ብርሃን ታያለች፣ ጌታ እያሳያት ነው አልኳት።

ሚስ ቨርና የያዘችውን ፎጣ አላጠፈችውም። ኪሻን አየቻት፣ ኪሻም አየቻት።

«ብርሃኑ ዓይኗ ላይ ነው? ራሷንስ ያማታል?»

«ደህና ናት» አልኩ።

«ቤቢ፣ እናትሽ ነፍሰ ጡር ናት?»

እዚህ ጋ ነው። አሁንም ስደርስበት የምቁነጠነጠው እዚህ ጋ ነው። ሰደርያዋን አየሁት። ቢሮ የሚለው የእትዬ ወይንሸት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። ዓይኗን ቀና ብዬ አየኋትና «አይደለችም» አልኩ። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ሳልንተባተብ።

ሚስ ቨርና አላመነችኝም መሰለኝ፤ ማሽኑ ሳይደውል ተነሥታ ምግብ በሳህን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። እማዬ ጃኬቱን ደርባ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ፈገግ አለች። ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ሚስ ቨርና እንዴት ነሽ፣ ራስሽንስ ያምሻል፣ ኪሻ ግፊትሽን ትለካሽ ስትላት «ፋይን፣ ፋይን፣ ታንክ ጎድ» አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ሚስ ቨርና ከእማዬ ትከሻ በላይ አየችኝ። አቀረቀርኩ። በሩ ተዘጋ።

«ምን ነገርሻት?» አለችኝ እማዬ።

«ምንም።»

«ካወቁ ይወስዱሻል፣ ገባሽ? አባትሽ በሌለበት እናቷ አልጋ ላይ ናት ካሉ ይወስዱሻል።» ስትናገር ግድግዳውን ይዛ ነበር። የፈራችው ለራሷ እንዳልሆነ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የገባኝ እኔ ከተወሰድኩ ጥፋቱ የእኔ አፍ እንደሚሆን ብቻ ነው።

እሑድ ቸርች አልሄድንም። ሰኞ ጠዋት እማዬ አልተነሣችም። ሌሊቱን ሁሉ አስመልሷት ነበርና ክፍሉ ይሸታል። የጎድኗን ሥር በእጇ ይዛ ተኝታለች። ፊቷ አብጦ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሥራ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።

«ዛሬ ትንሽ ልረፍ። አንቺ ጨርቁን ስቀዪና ሂጂ፣ ባሱ እንዳያመልጥሽ።»

ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። እጀታው ላይ ላስር ስል ተውኩት። ደህና አድራለች ብዬ ልሰር? ደህና አላደረችም። ስለዚህ ጨርቁን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። አሁን ባዶ በር ነው፣ አሁን ሰው ይመጣል አልኩ። እኔ አልተናገርኩም፣ በሩ ነው የተናገረው፤ ከእናቴም ጋር አልጣላም፣ እናቴም ትድናለች። ብልጥ ነኝ አልኩ።

ቆምኩ። የሱማሌዋ ልጆች ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። ቬትናማዊው አዛውንት ዳቦ ሊገዙ ወጡ፣ በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በእግር ጣቶቼ እየዘለልኩ እጠብቃለሁ። ማንም አይመጣም። ለምን አይመጣም እያልኩ ስናደድ ቆየሁና ድንገት ገባኝ፤ የሦስተኛ ፎቅ ተመልካች እኔ ነኝ። ይህን በር የሚያንኳኳ ሰው ካለ እኔ ነኝ። የሚመጣው ሰው መጥቷል፣ ቆሞ ባሱን እያሳለፈ ነው።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ለማን ብነግር ይስቃል። ሕጉን ተከተልኩ። የራሳችንን በር ሦስቴ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች እማዬ ከውስጥ፣ በጣም ከሩቅ።

«የሦስተኛ ፎቅ ተመልካች ነኝ» አልኩ በአማርኛ። «ደህና አድረሻል?»

 «ደህና ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

መልሱ አላማረኝም። ደረጃውን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። የሚስ ቨርናን በር በጡጫዬ ደበደብኩት። የጥርስ ብሩሽዋን ይዛ ወጣች።

«ሦስተኛ ፎቅ አንድ በር ጨርቅ የለውም።»

«የትኛው በር?»

 «የእኛ» አልኩ። «እርጉዝ ናት። ዋሽቼሻለሁ።»

አልተቆጣችም። ብሩሹን ሰደርያዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና እየወጣች ለኪሻ ኮል አደረገች። ሁለቱም ከእኔ እኩል ደረሱ፤ በዚያ ዕድሜዋ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እንጃ። እማዬ ስታያቸው ልትነሣ ሞከረች። ጃኬቱን በእጇ እየፈለገች ፈገግ ልትል ታገለች። ኪሻ መለኪያውን ክንዷ ላይ አስራ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ ለካች፣ ሳትናገር ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አምቡላንስ ጠራች።

«ሊዱ፣ ደህና ናት በያቸው» አለችኝ እማዬ። «አባቷ ዛሬ ማታ ይመጣል በያቸው።»

አባዬ የሚመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እማዬ ዓይኔን ይዛዋለች። ወደ ሚስ ቨርና ዞሬ በእንግሊዝኛ «ደህና ነኝ ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ቢሮ ልጄን ይወስዳል ብላ ፈርታ ነው» አልኩ። እማዬ ሁሉንም እንግሊዝኛ ባታውቅ ይህቺን አወቀቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። 

ሚስ ቨርና አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ያን የአውቶቡስ ድምፅዋን ትታ፣ ቀስ ብላ። «ያልኩትን ሁሉ ንገሪያት፣ አንዲት ነገር እንዳትተዪ» አለችኝ። «እኔ የየትም ቢሮ ሰው አይደለሁም። ልጅሽን የሚነካት የለም፣ ከእኔ ጋር ናት። እኔም ልጅ ነበረችኝ። በወለደች በአራተኛው ቀን ራሴን አመመኝ አለች፣ ብርሃን ይታየኛል አለች። ደህና ነሽ ወይ ስላት ደህና ነኝ አለችኝ። አመንኳትና ሥራ ሄድኩ። ስመለስ በሕይወት አልነበረችም።»

ቃል በቃል ነገርኳት። እማዬ ፊቷን መለሰች። ሚስ ቨርናን ብዙ አየቻት። ከዚያ «ዓይኔ ጠፍቷል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ በአማርኛ። «ግማሹ አይታየኝም። ሆዴን ያመኛል። ፈራሁ።» ሁሉንም ተረጎምኩ።

ሚስ ቨርና ከእማዬ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ገባች። አትገቢም ሊሏት ሲሉ ገብታ ተቀምጣ ነበር። እኔን ኪሻ መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ፤ ቀበቶውን አስራ በሩን ስትዘጋው፣ ይኸው ወሰዱኝ አልኩ። ሬኒየር አቬኑን በመስኮት እያየሁ መንገዱን ልይዝ ሞከርኩ፣ አምልጬ ለመመለስ። መብራት ላይ ስንቆም አልቻልኩም፣ «ለየትኛው ቤት ነው የምትሰጡኝ?» አልኳት።

«ለምን ቤት? እናትሽ ጋ ነው የምንሄደው» አለች ኪሻ። ከዚያ ጥያቄው ገባትና እጄን እስክንደርስ ይዛ ባንድ እጇ ነዳች።

ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ማድረቂያ ሳይኖራቸው ስብሰባቸውን አደረጉ። አንዷ የአባዬን አለቃ ፈልጋ አባዬን ሞንታና መንገድ ላይ አገኘችው። አንዷ ቤታችንን ልታጸዳ ሄደች። ሌላዋ እትዬ ወይንሸትን ጠራቻት። እትዬ ወይንሸት ከሥራ በዩኒፎርሟ መጥታ አቀፈችኝ፤ «እኔ ነኝ ያስፈራኋት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያም ከወይን ጠጅ ሰደርያዎቹ መሀል ቁጭ ብላ መጸለይ ጀመረች፣ እነሱም አሜን አሉ። ሚስ ቨርና ሐኪም በገባ በወጣ ቁጥር ተነሥታ ምን ልታደርጉላት ነው ብላ ትጠይቃለች። እኔ መጠበቂያ ክፍሉን ስንቴ እንደዞርኩት አላውቅም። የዘበኛው አንገት ከእኔ ጋር ይዞር ነበር።

የእርግዝና ደም ግፊት ነው አሉን፤ ከሰዓት በኋላ እኅቴ በቀዶ ጥገና ተወለደች። በመስታወት ሣጥን ውስጥ አየኋት፤ ከእኔ ክንድ የምታንስ፣ ቀይ፣ እንደ እኔ እግሯን የምታወራጭ። ትኖራለች አሉን። ስለ እማዬ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ትኖራለች አላለኝም። ነገ እናያለን ነበር የሚሉኝ። ሁለት ሌሊት ሚስ ቨርና ቤት አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን ግቢ ተባልኩ። ሚስ ቨርና ትከሻዬን ይዛኝ ገባን። እማዬ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ ቱቦ አለ። የፊቷ እብጠት ጎድሏል። በሩ አጠገብ ቆምኩ። ስላጋለጥኳት ታናግረኝ አታናግረኝ አላውቅም ነበር።

«ነይ» አለችኝ። ስጠጋ ራሴን ወደ ደረቷ ስባ ያዘችኝ።  ከዚያ ጆሮዬ ላይ «የሚስ ቨርና ልጅ ማን ነበር ስሟ? ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኳት። ሚስ ቨርና ቀን ሙሉ ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር የምትውል ሴት ናት። ያን ስም ግን አጠገቧ ቆሜ እንኳ በጭንቅ ነው የሰማሁት።

«ረኔ» አለች።

እማዬ ቱቦ በሌለው እጇ አንሶላውን ሳበችና እንደ ነጠላ አናቷ ላይ ጣለችው። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ቁስሏ እያመማት። ለቅሶ ቤት ስንሄድ የምታደርገውን ሁሉ አደረገች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት በአማርኛ። «የረኔን ነፍስ ይማርልኝ። ሳልደርስልዎት ቀረሁ።» እንባዋ ይወርድ ነበር።

«ምን አለች?» አለችኝ ሚስ ቨርና።

«ለልጅሽ ለቅሶ ሳልመጣ ቀረሁ፣ ይቅርታ አለች።»

ሚስ ቨርና ግራ ገባት። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኮ ነው። እሷ ሌላ አገር ነበረች። እንዴት ትመጣለች?»

ይህንንም ለእማዬ ነገርኳት።

«ቢሆንም» አለች እማዬ፣ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችላት።

እሱን ልተረጉም አፌን ስከፍት ሚስ ቨርና ሰደርያዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጥላዋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፣ እናቴም ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጀርባዋን ይዛ አብራት አለቀሰች።